ለአንዲት ሴት የተዘጋጀ ሱባኤ

ልደታ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእማሆይ እንዳለች፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ የገዳሙ እናቶች ሁሉ እንደምን ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል መጋረጃ ሰፊ ደህና የምትሆነውን ያህል ነው፤ ዓይኔ ይደክማል፣ ትከሻዬን ያመኛል፣ ደንበኛ ይነዘንዘኛል። ሱቄ አሁንም ተክለ ሃይማኖት ነው። አብዱልወሃብ እህሉን መርካቶ አራግፎ ሲመለስ አይሱዙውን ደጄ ላይ ገትሮ የላኩብኝን መልእክት በቃሉ ነገረኝ። ስልክዎን ለእመ ምኔቷ አስረክበው ከመነኮሱ ወዲህ እኛ ዘመዶችዎ የዚህ ሾፌር ጥገኞች ሆነናል።

«ሴቶቹን ይዘሽ የምትመጪው ለጸሎት ብቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?» ብለዋል አሉ። ለጸሎት ነው እንጂ እማሆይ። ሌላ ምን ይኖራል?

የማርያም ማኅበራችን ሴቶች ዘንድሮ ሙሴ አድርገው መርጠውኛል። የማኅበር ሰብሳቢን «ሙሴ» ብሎ የሰየመው ሰው ምን እንዳሸከመን ያውቅ ይሆን? ሴቶቹን ሁሉ ከኮንዶሚኒየም አውጥቼ ጫካ ላደርስ ነው። ዓርብ ኅዳር 19 ከሰዓት በኋላ እንነሣለን፤ ቅዳሜን ከጥዱ ሥር በዝምታና በጸሎት እንውላለን፤ እሑድ የጽዮንን በዓል አስቀድሰን እንመለሳለን። ከባቡሩ፣ ከስልኩ፣ ከልጅና ከባል ጥሪ ርቀው ለሁለት ቀን የወፍ ድምፅ ብቻ ቢሰሙ ምን አለበት?

ድንኳን የት እንደምንተክል፣ ውኃ ከየት እንደምንቀዳ ይጻፉልኝ። ሃኒ የምትባል ወጣት አባል አለችን፤ «ጅቡ ገዳም መሆኑን ያውቃል?» ብላ ጠይቃለችና ለእሷም መልስ ያስፈልጋታል።

አንድ ነገር ደግሞ። ከሴቶቹ አንዷ እሑድ አብራን ላትመለስ ትችላለች። ጥቂት ብትሰነብት ይፈቀዳል? እንዲያው ነው የጠየቅሁት።

ጉልበትዎን ስሜያለሁ።
ድንቅነሽ


ከገዳሙ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለድንቅነሽ፣

የእመቤታችን ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ክረምቱ ወጥቶልናል፤ ወንዙም ጎድሎ በድንጋዩ ላይ ይሻገሩታል።

ድንኳናችሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከጥዱ ሥር ትተክላላችሁ። ውኃው ከምንጩ ነው። ጅቡ ገዳም መሆኑን አያውቅም፤ ሃኒ ድንኳኗ ውስጥ ምግብ አታስቀምጥ። ከቀዳሹ ካህን በቀር ወንድ ወንዙን አይሻገርም፤ ሾፌራችሁ ማዶ ይቆያል። እያንዳንዷ ሴት ከንስሐ አባቷ ፈቃድ ትቀበል። ያለዚያ እመ ምኔቷ ለሱባኤ አታስገባም፤ ይህንን ለሁሉም ንገሪልኝ።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ። «እንዲያው ነው የጠየቅሁት» ብለሻል። ሳልመነኩስ በፊት ፍርድ ቤት ታይፒስት እንደነበርኩ ረሳሽው? የዕድሜዬን እኩሌታ ሰው የደበቀውን ስተይብ ነው የኖርኩት። «ከደረጃ ወድቄ ነው» የሚለውን ቃል ጣቶቼ ሳላያቸው ይጽፉታል። አንዳንዷ እንዲህ ብላ ቃሏን ሰጥታ ትሄድና፣ በሌላ ዓመት ስሟን «ሟች» ከሚለው ቃል ቀጥዬ እጽፈዋለሁ።

በነሐሴ አብዱልወሃብ የእህትሽ የትሕትና እጅ በጀሶ ታስሮ ማየቱን ነግሮኛል። አንቺ ከዚያ ወዲህ ስለ መጋረጃ ጨርቅ ብዙ ጻፍሽልኝ፣ ስለ እህትሽ ግን አንዲት ቃል የለም። የምትቀረው ሴት እሷ ናት? ለምንስ አትከስም? እየፈራሁ ነው የምጠይቅሽ።

እንዳለች


ልደታ፣ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእማሆይ እንዳለች፣

ደብዳቤዎን ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ አነበብኩትና የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አዎ፣ እሷ ናት።

ከእርስዎ ልደብቅ ፈልጌ አይደለም። ከጻፍኩት የባሰ እውነት የሚሆን ይመስለኝ ነበር። ጀሶው ተፈቷል፤ ግን በዚያ እጇ ውኃ የሞላ ጀሪካን አታነሣም። ሰው ሲጠይቃት የምትለውን እርስዎ ጽፈውታል፤ እኔ አልደግመውም።

ባሏን ባሮክን ያውቁታል። ሜክሲኮ ካለው ቢሮው ወጥቶ ልደታ እስኪደርስ ሰላም የማይለው ሰው የለም። ለቤተ ክርስቲያን እጁ አይሰስትም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው ጎረቤት የለም። ባለፈው ወር ሱቄ መጥቶ ለመኝታ ቤታቸው መጋረጃ አዘዘኝ። «ወፍራም ይሁን እሺ? ብርሃንም ድምፅም እንዳያሳልፍ» አለኝ እየሳቀ። ሰፋሁለት እማሆይ። ለገዛ እህቴ መኝታ ቤት በእጄ ሰፋሁለት። እምቢ ብል ምን ያደርጋት ይሆን ብዬ ፈራሁ።

«ለምን አትከስም?» ላሉኝ፣ እኔም ብያታለሁ። «ክሱ እስኪታይ የት አድራለሁ ድንቄ? አንቺ ጋ? አንቺ ጋ ለመምጣት እኮ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም» አለችኝ። ስልኳን በየቀኑ ይበረብራል። እሱ በሌለ ጊዜ ደግሞ እናቱ አሉ። እማማ አሰፋሽ አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፤ ጆሯቸው ግን አልተኛም። ማን መጣ፣ ማን ደወለ፣ ትሕትና ስንት ሰዓት ገባች፣ ሁሉንም ለልጃቸው ይነግራሉ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና እኚህን ሴትዮ አልወዳቸውም።

ሳይጠይቅ የሚለቃት ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ማኅበር ብቻ ነው። ስለዚህ ማኅበሩን አስነሣሁት። ይሄ ሁሉ ድንኳን፣ ይሄ ሁሉ የወፍ ድምፅ ለእሷ ነው፤ ሌሎቹ ሴቶች አያውቁም። እሑድ እነሱ ይመለሳሉ፣ እሷ ከእናንተ ጋር ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አላሰብኩትም። ማሰብም አልቻልኩም።

ድንቅነሽ


ልደታ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማሆይ፣

መልስዎን ሳልጠብቅ እየጻፍኩ ነው፤ ሰላምታውን ይማሩኝ። ጥፋት አጥፍቻለሁ።

ባለፈው እሑድ ስለ ንስሐ አባት ፈቃድ ለሴቶቹ እንዳዘዙኝ ተናገርኩ። ትሕትና ከኋላ ቆማ ትሰማ ነበር። ለብቻዋ ጠርቼ «አንቺ ተይው፣ ለአንቺ እኔ ከእማሆይ ጋር እጨርሰዋለሁ» ልላት ይገባኝ ነበር። ልብ አላልኩም! ድንኳን ተውሼ፣ ሻማና ዳቦ አስቤ፣ ይህንን ሳላስብ ቀረሁ። የእሷና የባሮክ ንስሐ አባት አንድ ናቸው እኮ፤ ቀሲስ ተሰማ። በተክሊል ያጋቧቸው፣ ቤታቸውን የባረኩ፣ በተጣሉ ቁጥር እየመጡ የሚያስታርቋቸው እሳቸው ናቸው።

ሄዳ ነገረቻቸው።

«ምን ምኑን?» አልኳት።

«ሁሉንም።»

«እንደማትመለሺም?»

«ንስሐ አባቴ ፊት ቆሜ ልዋሽ እንዴ ድንቄ?» አለችኝ፣ እኔን ታዝባ።

እሳቸው መስቀላቸውን አሳልመው «በይ ሂጂ» ብቻ። ሐሙስ ከሥራ በኋላ ግን ቀሲስ እነ ትሕትና ቤት መጡ። ከባሮክ ጋር በር ዘግተው ተቀመጡ፤ ትሕትና ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ትጠብቅ ነበር። ሲወጡ ባሮክ ሸኝቷቸው ተመለሰ፣ እራቱን በላ፣ ምግቡን አመሰገነ። በማግስቱ የእግር መንገድ ጫማ ገዝቶላት መጣ። ጎንበስ ብሎ እሱ ራሱ አሰረላት። «መንገዱ ድንጋይ አለው አሉ፣ እንዳትወድቂ» አላት።

እኔ ጋ ደግሞ ሱቅ ድረስ መጥቶ «ሾፌር አትቅጠሪ፣ ከጓደኛዬ ሚኒባስ ተውሻለሁ፣ ማኅበርተኞቹን እኔ አደርሳለሁ» አለኝ።

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቁጣውን እናውቀዋለን። ይህንን ግን አናውቀውም። ነግረውት ይሆን? ጫካ ድረስ የሚወስዳት ለምንድን ነው? ትሕትና እህል አልወርድ ብሏታል፤ ጾም ነው እያለች ታስመስላለች፣ ጾሙ ገና አልገባም። ጉዞውን ልሰርዘው? ብሰርዘውስ ለምን ተሰረዘ ብሎ አይጠይቅም?

ይጸልዩልን።
ድንቅነሽ


ከገዳሙ፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለድንቅነሽ፣

ጥፋቱን ለብቻሽ አትውሰጂው። ሥርዓቱን የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ፤ ከዚያው ደብዳቤ ግርጌ ስለ ትሕትና እየጠየቅሁ ሁለቱን ማገናኘት አቃተኝ። ፊርማ የጎደለውን ወረቀት ከሩቅ የማውቅ ሴትዮ! ካነበብኩት ወዲህ ጸሎት ላይ ሐሳቤ ይበተናል። ፈርቻለሁ ልጄ። መነኩሲት አትፈራም ያለሽ ካለ አትመኝው።

አትሰርዢው። ስለ ሁለት ሰዎች ንግግር እዚህና እዚያ ሆነን ከምንገምት ሄደሽ ራሳቸውን ቀሲስ ተሰማን ጠይቂ። ዘወር አድርገሽ ሳይሆን ፊት ለፊት ጠይቂያቸው። ነግረውት ከሆነ ትሕትናን በዚያች መኪና እንዳታሳፍሪያት። ምክንያቱን እኔ እፈልግልሻለሁ።

ለእመ ምኔቷ ነግሬያታለሁ። ለጊዜው «ትምጣ» ብቻ ነው ያለችኝ። ጎረቤታችን ፋዮ የወንዙን ማዶ ታርሳለች፤ ዓርብ ከእርሻዋ እንዳትጠፋ ለምኛታለሁ። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

እንዳለች


ልደታ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእማሆይ እንዳለች፣

እንዳሉኝ አደረግሁ። ከቅዳሴ በኋላ ቀሲስ ተሰማን ከግቢው ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። እንዴት እንደምጀምር ስለማመድ የከረምኩት ሁሉ ጠፋኝ።

«አባቴ፣ ለባሮክ ምን ነገሩት?»

«ንስሐ ከካህኑ እንደማይወጣ ታውቂያለሽ» አሉኝ።

«አባቴ፣ እህቴን ይገድላታል።»

እንዲህ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ቀሲስ በትራቸውን ተደገፉ። «የተክሊል ጋብቻ ነው፤ እኔ በእጄ አላፈርሰውም» አሉ። ግን ቀጠሉ። «ያጋባኋትን ልጅ ፍትሐት ማድረስም አልፈልግም። ስንት ጊዜ አስታረቅኋቸው? ባስታረቅኋቸው ቁጥር ሌላ ቦታዋን ይመታታል። እኔ ነበርኩ ታገሺ የምላት።» ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

ያን ዕለት ለባሮክ ያሉት ይህ ነው፦ ለሚስትህ ቀኖና ሰጥቻታለሁ፤ ገዳም ገብታ ሱባኤ ትያዝ፤ እኔ ራሴ ሄጄ እስካላወጣኋት ድረስ እንዳትወጣ።

ባሮክ «ምን አድርጋ ነው?» እንኳ አላለም። ደስ አለው እማሆይ! ቀኖናውን ቅጣት አድርጎ ነው ያየው። መስቀላቸውን ተሳልሞ «አባቴ፣ እኔም እኮ ስነግራት የኖርኩት ይህንኑ ነው፤ እርስዎም አዩልኝ» አላቸው። ጫማው ለዚህ ነው። የምትቀጣበት ቦታ ድረስ ራሱ ሊያደርሳት ነው።

«ታዲያ ዋሹት ማለት ነው?» ብላቸው ተቆጡኝ። «ቀኖና መስጠት ሥልጣኔ ነው፤ ሰጠሁ። የቱ ላይ ነው የዋሸሁት?» ለትሕትና ግን ዓርብ ጠዋት እስክትሳለማቸው አይነግሯትም። ፊቷ ምንም መደበቅ አይችልም አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

እኔ አልመጣም። ባሮክ «እማማን ማን ያያል?» ብሎ እሑድ እስኪመለስ ቤታቸው እንድቀመጥ አዟል። ሙሴም ሳይሻገር ነው የቀረው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ግን ከእሷ ሌላ ነገሩን የሚያውቅ ሰው በዚያ መኪና ውስጥ የለም፤ እሱ ይነዳል፣ እሷ ከኋላው ትቀመጣለች፣ መስታወቱ ፊቷን ያሳየዋል። መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢገባውስ? «ተመለሽ» ቢላትስ? ልማድ ሆኖባት ትመለሳለች። ወንዙ ዳር ወርደው ይጠብቋት፣ እለምንዎታለሁ።

ድንቅነሽ


ከገዳሙ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለድንቅነሽ፣

ይህንን ለሃኒ ሰጥቻታለሁ፤ በራስሽ እጅ ብቻ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ። መጀመሪያ የምትፈልጊውን ልንገርሽ፤ ትሕትና ከወንዙ ወዲህ ናት።

ዓርብ ከፋዮ ጋር ወንዙ ዳር ቆየን። ሚኒባሱ ሲቆም ሴቶቹ እየሳቁ ወረዱ። ባሮክ የሁሉንም ሻንጣ እያወረደ ሰጠ፣ አሮጊቶቹን ደግፎ እስከ ድንጋዩ አደረሰ። ለእኔ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። ሳላውቀው ብቀር «እንዴት ያለ ባል ነው» እል ነበር። «መቼ ትወጣለች እማሆይ?» አለኝ። «ንስሐ አባቷ ሲመጡ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ትሕትና ከሁሉ ኋላ ተሻገረች። ዘወር አላለችም። የመጨረሻው ድንጋይ ላይ ስትደርስ ስሟን ጠራት። አልጮኸም፣ ግን ቆመች። ሳቁም ቆመ። ሃኒ ወደ ኋላ ተመልሳ ክንዷን ያዘቻት፤ ሌላዋም መጥታ በሌላው በኩል ቆመች፤ ከዚያ ሌሎቹ። ማኅበርተኞቼ አያውቁም ብለሽኛል፤ እኔ ግን የማታውቅ ሴት አላየሁም።

ባሮክ አያቸው። «ጸልዪልኝ» አላት፤ ከዚያ ወደ መኪናው ሄዶ እስከ ዛሬ ማዶ ባለችው ከተማ ሲጠብቅ ቆየ። ሴቶቹን ይዞ የሚመለሰው አሁን ነው።

ለአንቺ ምን ልጻፍ ብላት ትሕትና አሰበች። «በር ሳልቆልፍ ተኛሁ በያት» አለችኝ።

ቀሲስ ተሰማን በእኔ ስም ስለ ጤናቸው ጠይቂልኝ። ለመሆኑ መቼ ነው የሚመጡት? እሳቸው ከመጡ መውጣቷ ነውና ፈራሁ።

እንዳለች


ልደታ፣ ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእማሆይ እንዳለች፣

ደብዳቤዎን ሃኒ በእጄ ሰጠችኝ፣ ምንም ሳትጠይቅ አቅፋኝ ሄደች። ስለ ትሕትና የጻፉትን በቃሌ ይዤዋለሁ። የተባረኩ ይሁኑ።

«መቼ ነው የሚመጡት?» ላሉኝ፣ ባሮክም በየቀኑ ይህንኑ ይጠይቃቸዋል። ቀሲስ ወንበር ስበው ይቀመጡና ጉልበታቸውን ያሻሉ። «ልጄ፣ አርጅቻለሁ፤ ያንን መንገድ እንዴት አድርጌ እችለዋለሁ? እስቲ በርታ ልበልና» ይሉታል። ከዚያ ለእሱም ቀኖና ይጨምሩለታል። ትናንት ሳገኛቸው መርካቶ ደርሰው በእግራቸው ሲመለሱ ነበር። «ደህና ዋልሽ?» ብለውኝ በፍጥነት አለፉ።

ይህ ሊያስቀኝ ይገባ ነበር። አሁን የምጽፈውን ግን ለትሕትና እንዳያነቡላት።

ባሮክ ሠራተኛ እስኪያገኝ እናቱን ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አያለሁ። እሑድ ከመመለሱ በፊት ገላቸውን አጥቤያቸው ነበር፤ ቆዳቸው ንጹሕ ነበር። ማክሰኞ ሳጥባቸው ግን ሁለቱም ክንዳቸው ላይ የጣት ምልክት አየሁ፣ ጠቁሯል። «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ወደ በሩ አዩ። ቤት ውስጥ ከእኛ ሌላ ማንም አልነበረም፤ እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትሕትና እያለች እኔን ይተወኝ ነበር» አሉኝ።

ውኃው እስኪቀዘቅዝ ፎጣውን ይዤ ቆምኩ። ማን መጣ ማን ሄደ እያሉ ሲነግሩት የኖሩት፣ እማሆይ፣ ፈርተውት ኖሯል። እኔ ደግሞ ስጠላቸው ኖርኩ። ልብሳቸውን ሳለብሳቸው እጄን ያዙና «አትመለስ በያት» አሉኝ። «ስለ እኔ ከሰማች ግን ትመጣለች፤ አንቺም አታውቂም፣ እኔም አልነገርኩሽም።»

ስለዚህ ትሕትና ከጠየቀችዎ እማማ ደህና ናቸው ይበሏት።

ለጥር ሌላ ጉዞ ልጠራ ነው። ሴቶቹ ዓላማውን አልጠየቁኝም፤ «ስንት ሰው ነው የምንሸከመው?» ብቻ ነው ያለችኝ ሃኒ። ገዳማችሁ በእግሯ መሄድ የማትችል ሴት ይቀበላል? መልሱን በጽሑፍ አያድርጉት፤ ለአብዱልወሃብ በቃሉ ይንገሩት።

ድንቅነሽ